ልብ ብሎ መራመድ
ስለ ፓርኪንሰን ሕመም፣ ስለ እርጅና እና እጅና እግርን ስለሚመራው ዓይን

(ይህ ንግግር ከሱዳኑ ጦርነት በፊት በነበረው በጋ፣ በካርቱም አርካዊት ሰፈር ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በአንድ ግቢ ውስጥ በቃል የቀረበ ነው። ለኅትመት ሲዘጋጅ አንዳንድ ቦታ ታርሟል፤ መጨረሻው ላይ አጭር ጭማሪ አለው።)



በእንቆቅልሽ ልጀምር። እንቆቅልሽ!

(«ምን አውቅልህ!» አለ ታዳሚው።)

ደረጃ ይወጣሉ፣ የገዛ ቤታቸው ደፍ ያቆማቸዋል። የሚንከባለል ኳስ ይይዛሉ፣ የተቀመጠውን ሲኒ ለማንሳት ይቸገራሉ። ሲጠሯቸው ይቆማሉ፣ ዝም ሲሏቸው ይሄዳሉ። ማን ናቸው?

(«በቅሎ!» «ጥላ!» አንድ ልጅ ደግሞ ባጃጅን በካርቱም ስሙ «ራክሻ!» ብሎ ሰዉን አሳቀ።)

አላወቃችሁም። እንግዲያው አገር ስጡኝ።

(«አርካዊትን ሰጠንህ!» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ።)

ለጋስ ናችሁ፤ የሰው አገር አንሥታችሁ ሰጣችሁኝ! ይሁን፣ ተቀብያለሁ። የሰፈራችን ስም ሞክሼ የሆነው ቀይ ባሕር ተራሮች ላይ ያለው አርካዊት ነፋሻማ ነው፤ ለእኔ የደረሰኝ ሙቀቱና አቧራው ነው። ቢሆንም አገር ተቀብሎ መልሱን መደበቅ ነውር ነውና ልንገራችሁ።

ሰውዬው ፓርኪንሰን የሚባል ሕመም ያለባቸው አባት ናቸው። እኔ በሙያዬ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ እንደ እሳቸው ያሉ ሰዎችን አውቃለሁ። ቤተሰብ ይዟቸው ይመጣና ወደ ጎን ጠራ አድርጎኝ፣ «ደረጃውን ደህና አድርገው ይወጡታል፤ ሳሎን በር ላይ ሲደርሱ ግን ተገትረው ይቀራሉ። እያስመሰሉ ይሆን እንዴ?» ይለኛል። እያስመሰሉ አይደለም። ለምን እንደዚያ እንደሚሆኑ ማስረዳት ነው የዛሬው ሥራዬ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ቡና ቀጂዋን እዩ

ነገ ጠዋት ኒም ዛፍ ሥር ባንበር በሚሉት አጭር በርጩማ ላይ ተቀምጣችሁ ቡና ስትጠብቁ፣ የቀጂዋን እጅ ትታችሁ ዓይኗን ተመልከቱ። እጇ ጀበናውን ሳይነካ ዓይኗ ጀበናው ላይ አርፏል። ጀበናው ወደ ሲኒው ሳያዘነብል ዓይኗ የሲኒው አፍ ላይ ነው። ቡናው ሲወርድ ዓይኗ ከከንፈሩ አይነቀልም፤ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ደግሞ ወደሚቀጥለው ሲኒ ተሻግሯል። ዓይን ይቀድማል፣ እጅ ይከተላል።

ማይክል ላንድ የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ይህንኑ በሻይ አይተውታል። ሰዎች ሻይ ሲያፈሉ ዓይናቸው የት የት እንደሚያርፍ በትንሽ ካሜራ ቀርጸው ውጤቱን በ1999 አሳተሙ። ዓይን ከእጅ በግማሽ ሰከንድ ገደማ ቀድሞ ይደርሳል። ከሁሉ የሚገርመው፣ ሻዩን እያፈላ ያለ ሰው ለሥራው የማይፈለግ ዕቃ ላይ ዓይኑን የሚያሳርፈው ከስንት አንዴ ነው። ዓይን እየዞረ የሚጎበኝ እንግዳ መስሎን ነበር፤ ለካስ እንደ አገር አዋቂ መሪ ከፊት ከፊት የሚሄድ ነው።

ዓይን ብቻውን ግን አይመራም። አማርኛችን ለዚህ ግሩም አነጋገር አለው፤ «ልብ ማለት» እንላለን። ዓይኔ እያየ ልብ ካላልኩ አላየሁም። ልጁ ፊቴ ቆሞ ሲናገር «ምን አልከኝ?» የምለው ጆሮዬ ስለደነቆረ አይደለም፤ ልቤ ሌላ ቦታ ስለነበረ ነው። ይህ ልብ ማለት ልክ አለው። እንደ ጀበናው አድርጋችሁ አስቡት፤ አንድ ጀበና የሚወጣው ሲኒ ቁጥሩ የታወቀ ነው። ለአንዱ ስትሞሉ ለሌላው ያንሳል።

እንግዲህ ቡና ቀጂዋ ከጎኗ ካለችው ጋር እያወራች፣ ሒሳብ እየተቀበለች፣ ጠብታ ሳታፈስ የምትቀዳው እንዴት ነው? ልጅ ሆና ስትማር አላወራችም፤ ምላሷን ነክሳ ነበር የምትቀዳው። ያኔ የሄደችበትን መንገድ የልብ መንገድ እንበለው፤ ቀርፋፋ ነው፣ ጀበናውን ሙሉ ይጠጣል። በዓመታት ድግግሞሽ ግን ሥራው ወደ ሌላ መንገድ ዞረላት፤ የልማድ መንገድ እንበለው። በልማድ መንገድ እጅ ሥራውን ራሱ ያውቀዋል፣ ልብም ለወሬና ለሒሳብ ነፃ ይሆናል። መራመድ፣ መዞር፣ ከወንበር መነሣት፣ ቁልፍ መቆለፍ፣ መፈረም፣ ሁሉም በልማድ መንገድ የሚሄዱ ናቸው። በአንጎላችን ጥልቅ ውስጥ ባዛል ጋንግሊያ የሚባሉ የሕዋስ ጉብታዎች አሉ፤ የልማድ መንገድ የሚያልፈው በእነሱ በኩል ነው። የሚንቀሳቀሱበት ዘይት ደግሞ ዶፓሚን ይባላል።

ከዚህ በኋላ የምናገረው ሁሉ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጠቃለላል፦ እርጅና ሁለቱንም መንገዶች ያጠብባል፤ ፓርኪንሰን የልማዱን መንገድ ይዘጋና የልቡን ይተወዋል። መፍትሔውም ያለው እዚያው ነው።

እርጅና ብቻህን ና

«እርጅና ብቻህን ና» ይላሉ አበው። መጥቶ የሚያውቀው ግን ጓዙን ይዞ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ብሌናችን ይጠባል፤ የዓይናችን ሌንስ እየደፈረሰ ወደ ቢጫነት ያደላል። ከዚህ የተነሣ በ60 ዓመት ሰው ዓይን ውስጥ እስከ ኋላው ግድግዳ የሚዘልቀው ብርሃን፣ የ20 ዓመት ወጣት ከሚያገኘው ሲሶ ገደማ ነው። ከካርቱም ፀሐይ መጋረጃው ወደተዘጋ ክፍል ስትገቡ ዓይናችሁ እስኪለምድ ድረስ ጥቂት ትደናበራላችሁ፤ እናታችሁ ደግሞ ከእናንተ በላይ ትቆያለች። እሷ ስትገባ ስጋጃውም ባንበሩም ለጊዜው የሉም።

በዚህ ላይ የዓይን ሞራ አለ። በ2005 እና በ2006 በኢትዮጵያ በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶው ሕዝብ 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውር ሆኖ ተገኘ፤ ከዚህ ውስጥ ግማሹን ያሳወረው ሞራ ነው። ሞራ በቀዶ ሕክምና የሚነሣ ነገር ነው። አባታችን እየተደናቀፉ ከሆነ «አርጅተዋል» ብለን ከመዝጋታችን በፊት ዓይናቸውን እናስመርምር። መነጽርም ቢሆን ጣጣ አለው፤ ላዩ ለሩቅ፣ ታቹ ለንባብ የሆነው መነጽር ደረጃ ሲወርዱ እግር ሥር ያለውን ያደበዝዛል። ለመንገድ የሩቅ መነጽር ብቻ ቢሆን ይሻላል።

ልብ ማለትስ? በ1997 ከስዊድን የወጣ አንድ አጭር ጥናት አለ፤ ሳስታውሰው ሁልጊዜ ይገርመኛል። ተመራማሪዎቹ በመጦሪያ ቤት የሚኖሩ 58 አረጋውያንን አብረው እየተራመዱ ወሬ ያዋሯቸው ነበር። 12ቱ ለመመለስ ሲሉ ቆሙ። ሌሎቹ እየሄዱ አወሩ። በቀጣዩ ስድስት ወር ከቆሙት 12 ሰዎች 10ሩ ወደቁ። መሣሪያ የለም፣ ደም ምርመራ የለም፤ ጥያቄ መጠየቅ ብቻ። ለእነዚህ ሰዎች መራመድ ከልማድ ወጥቶ የልብ ሥራ ሆኖባቸው ነበርና ወሬው ሲጨመር ጀበናው ባዶ ሆነ።

ሌላም አለ። በእንግሊዝ አገር ቻፕማንና ሆላንድስ ያደረጉት ጥናት የመውደቅ ሥጋት ያለባቸው አረጋውያን እግራቸውን የት እንደሚያሳርፉ ተከታተለ። እነዚህ ሰዎች እግራቸው መሬት ሳይነካ ዓይናቸውን ከማረፊያው ያነሣሉ፤ ከፊት ያለውን እንቅፋት ለማየት ይቸኩላሉ። የሚቀጥለው ሲያሳስባቸው የአሁኑን ይስታሉ። ፍርሃት ዓይንን ከሥራው ሲያስቸኩለው ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ65 ዓመት በላይ ከሆኑት ከመቶው ከ28 እስከ 35 የሚሆኑት በየዓመቱ ይወድቃሉ። ስለዚህ እናታችሁ ስትራመድ «ፍጠኚ!» አትበሏት። እግሯ እስኪያርፍ ዓይኗን ተዉላት።

የሚያንቀጠቅጠው ሕመም

አሁን ወደ እንቆቅልሻችን ሰው እንመለስ። በ1817 ጄምስ ፓርኪንሰን የሚባል የለንደን ሐኪም ስለ «የሚያንቀጠቅጥ ሽባነት» አንድ ትንሽ ድርሳን አሳተመ። የገለጻቸው ስድስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ከእነሱም አንዳንዶቹን ያገኘው መንገድ ላይ ነው። ልብ ብሎ ማየት እንዲህ ነው! በኋላ ሻርኮ የተባለው ታላቅ የፈረንሳይ ሐኪም ሕመሙን በፓርኪንሰን ስም ጠራው።

ሕመሙ የሚጀምረው በአንጎል ግንድ ውስጥ ያሉ ጥቁር ቀለም ያላቸው ሕዋሳት ሲሞቱ ነው። ዶፓሚንን የሚያመርቱት እነሱ ናቸው። ምልክቱ ጎልቶ ሲወጣ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ የሚበልጡት አልቀዋል። ከዚያ በፊት ግን ሕመሙ ሹክ ይላል። አንዷ እናት ቡና ሲቆላ ሽታው አልመጣልሽ ይላታል፤ አንዱ በእንቅልፉ እየጮኸና እየተራገጠ ሚስቱን ይቀሰቅሳል፤ ሌላው ለዓመታት ሆድ ድርቀት ያስቸግረዋል። እነዚህ ብቻቸውን ፓርኪንሰን ናቸው ማለት አይደለም፤ ልብ የሚባሉ ናቸው።

ዋናዎቹ ምልክቶች አራት ናቸው፦ እንቅስቃሴ ዝግ ማለት፣ ሰውነት መገተር፣ መንቀጥቀጥ፣ ቆይቶም ሚዛን መሳት። ፊት ላይ ስሜት አይነበብም፤ አባታችሁ የተኮሳተሩባችሁ ይመስላችኋል፣ ጡንቻው ነው እንቢ ያለው። ድምፅ ይቀንሳል። ጽሕፈት ይደቃል፤ ሐዋላ ለመቀበል ሄዶ «ፊርማህ አልመሳሰል አለ» የተባለ ሰው ካለ ነገሩን በዋዛ አትዩት።

ስለ መንቀጥቀጥ አንድ ልዩነት ያዙልኝ። እጃቸው ቡና ሲቀዱ ወይም ሲኒ ወደ አፍ ሲያደርሱ የሚንቀጠቀጥ፣ ጭናቸው ላይ ሲያሳርፉት ግን ጸጥ የሚል ሰዎች አሉ። ያ ብዙ ጊዜ ሌላ ነው፤ ከፓርኪንሰን በጣም የሚበዛና ሌላ መድኃኒት ያለው መንቀጥቀጥ ነው። የፓርኪንሰን እጅ በተቃራኒው ሥራ ሲፈታ ይንቀጠቀጣል፣ ሥራ ሲይዝ ረገብ ይላል። የ1996ቱን የአትላንታ ኦሎምፒክ የምታስታውሱ፣ ፋጡማ ሮባ ማራቶኑን፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ 10,000 ሜትሩን ያሸነፉበትን ማለቴ ነው፣ መክፈቻው ላይ ችቦ ያቀጣጠለውን መሐመድ ዓሊን ታስታውሳላችሁ። ፓርኪንሰን እንዳለበት ከታወቀ 12 ዓመት ሆኖት ነበር። ቀኝ እጁ ችቦውን ይዞ፣ ሥራ የፈታው ግራ እጁ ክፉኛ ሲርገፈገፍ ዓለም ሁሉ አየ።

«ይህ የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚል አይጠፋም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በመካከለኛው ኢትዮጵያ ገጠር ቤት ለቤት ዞረው 60,820 ሰዎችን ቆጥረው ነበር። በ1990 ባሳተሙት ውጤት ፓርኪንሰን የተገኘው ከ100,000 ሰው በ7ቱ ነው። ከተቆጠሩት ሁሉ አራት ሰው ገደማ መሆኑ ነው። ትንሽ ነው፤ ነገር ግን የአገራችን ሕዝብ አብዛኛው ወጣት ነው፣ ሕመሙ ደግሞ በአብዛኛው ከ60 በኋላ የሚመጣ ነው። ዕድሜያችን ሲረዝም እሱም ይበዛል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 በዓለም ላይ ከ8.5 ሚሊዮን በላይ ሕሙማን እንደነበሩ፣ ቁጥሩም በ25 ዓመት ውስጥ በእጥፍ እንዳደገ ገምቷል።

የእንቆቅልሹ ፍቺ

ኳሱና ሲኒው ምን አገናኛቸው? በ1998 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት የፓርኪንሰን ሕሙማንን ኳስ አስያዘ። ኳሱ ቁጭ ብሎ ሲጠብቃቸው፣ የቻሉትን ያህል ፍጠኑ ቢባሉም እጃቸው ከጤነኛ እኩዮቻቸው ዘገየ። ኳሱ እየተንከባለለ ሲመጣባቸው ግን እኩል ፈጠኑ። እጁ ያው እጅ፣ ጡንቻው ያው ጡንቻ ነው። የተቀመጠ ነገር ትእዛዙን ከውስጥ ይጠይቃል፣ «አሁን ተነሣ» የሚለውን ከራስ። የሚመጣ ኳስ ግን ትእዛዙን ይዞ ይመጣል፤ ዓይን ተቀብሎ ለእጅ ያስተላልፈዋል፣ የተዘጋውን የልማድ መንገድ ዞሮ።

ዓይን ለእነሱ ምን ያህል ምርኩዝ እንደሆነ ሌላ ጥናት ያሳያል። ጀርመኖቹ ክሎክጌተርና ዲክጋንስ በ1994 እንዳሳዩት፣ ሕሙማኑ እጃቸውን ማየት ሲከለከሉ ወደሚፈልጉት ቦታ ሳይደርሱ ያጥራሉ። እጃቸው የት እንደደረሰ የሚነግራቸው ዓይናቸው ነው። መብራት ሲጠፋ ጤነኛው ይደናበራል፤ እነሱ ምርኩዛቸው ይሰበራል።

ደረጃውና ደፉስ? በ1967 ፐርደን ማርቲን የተባለ የለንደን የነርቭ ሐኪም ስለ ባዛል ጋንግሊያ መጽሐፍ አሳተመ። ወለል ላይ አግድም መስመሮች ሲሠመሩ፣ እየተንፏቀቁ ይሄዱ የነበሩ ሕሙማን በየመስመሩ እየተሻገሩ ደህና ይራመዳሉ። በመንገዱ ርዝመት የተሠመረ መስመር ግን አይረዳም፤ መሻገሪያ ስላልሆነ። ደረጃ ምንድን ነው? የመስመሮች ድርድር ነው። እያንዳንዱ ጠርዝ «እዚህ ላይ ርገጥ» ይላል። ጠፍጣፋ ወለል ዝም ይላል። በር ደግሞ ዝምታው ላይ ጥበት ይጨምራል፤ ዓይን መጥበቡን ሲያይ እግር ይደናገጥና መሬት ላይ የተሰፋ ይመስላል። አባታችን ደረጃውን ወጥተው ደፉ ላይ የቀሩት ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ቀርቷል፤ ሲጠሯቸው ይቆማሉ ያልነው። ሜግ ሞሪስ የተባለች አውስትራሊያዊት የሙያ ባልደረባዬ በ1996 ከባልንጀሮቿ ጋር እንዳሳየችው፣ ሕሙማኑ በመስመር ወይም ስለ እርምጃቸው ልብ በማለት ሲረዱ እርምጃቸው ረዝሞ ከጤነኞቹ ጋር ይስተካከላል። እየተራመዱ ሌላ ሥራ ሲሰጣቸው ግን ወደ ድሮው አጭር እርምጃ ይመለሳሉ። መስመሩ የልብ መንገድን ይከፍታል፣ የልብ መንገድ ግን ጠባብ ነው፤ ሁለት ነገር ጎን ለጎን አያሳልፍም። ከኋላ «አባባ!» ብላችሁ ስትጠሯቸው በፍቅር ነው፤ እግራቸውን ግን ነጠቃችኋቸው።

ቤታችን ውስጥ

ይህን ሁሉ ያወራሁት ወደዚህ ለመድረስ ነው። ሕመሙን ማዳን አንችልም፤ ቤታችንን ግን የልብ መንገድ የሚያልፍበት ማድረግ እንችላለን። ዋጋውም የአንድ ጥቅል ናስትሮ ዋጋ ነው።

ከመኝታ ቤት እስከ መጸዳጃ ባለው ወለል ላይ፣ በተለይም በበር ደፍ ፊትና ኋላ፣ ከወለሉ ቀለም የሚለይ ናስትሮ አግድም ለጥፉ። በአንድና በሌላው መካከል ያለው ርቀት አንድ ደህና እርምጃ ይሁን፤ ግማሽ ሜትር ገደማ። አባታችን መስመሩን እንዲሻገሩ እንጂ እንዲቸኩሉ አትንገሯቸው። የሚንሸራተተውን ስጋጃ አንሡት።

እግራቸው መሬት ላይ ሲሰፋ እጃቸውን ይዛችሁ አትጎትቱ። ከወገብ በላይ ይመጣል፣ እግር ይቀራል፣ ውድቀት ይከተላል። ቁሙ፤ አብራችሁ ተንፍሱ። ክብደታቸውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ያወዛውዙ። ከዚያ እግራችሁን ፊታቸው ላይ አግድም አድርጉና «ይህን ይሻገሩ» በሏቸው። ብዙ ጊዜ ይሻገራሉ። ለአንዳንዱ ምት ይሠራል፤ ጭብጨባ፣ ቆጠራ፣ እስክስታ የሚያስወርድ ዘፈን። አንዴ ለአንድ አባት እንዲህ ጨብጭቤላቸው በሩን አልፈው በትከሻቸው መልሰውልኛል።

ሲራመዱ አታዋሯቸው። ስልክ ሲጮህ እየሄዱ እንዳያነሡ ተስማሙ፤ መጀመሪያ መቆም፣ ከዚያ ማንሳት። ሳህንና ሲኒ ተሸክመው አይሂዱ፤ ዕቃው በትከሻ በሚንጠለጠል ቦርሳ ይሁን። ሲዞሩ በአንድ እግር ተሽከርክረው ሳይሆን እንደ መኪና ሰፋ አድርገው ይዙሩ።

ባንበር ለእኛ ደስታ ነው፣ ለእነሱ ወጥመድ ነው። ከፍ ያለ፣ መደገፊያ ያለው ወንበር ስጧቸው። ሲነሡ በየተራ፦ ወደ ወንበሩ ጠርዝ ቀረብ፣ እግር ወደ ኋላ ሰብሰብ፣ አፍንጫ ከእግር ጣት በላይ እስኪደርስ ጎንበስ፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት»፣ ቀና። ይህ ድሮ በልማድ የሚሠራውን በልብ መንገድ ቆራርጦ መሥራት ነው።

ብርሃን አትንፈጓቸው። መብራት ሲጠፋ የምትፈልጉት ባትሪ እጃቸው በሚደርስበት፣ በአልጋቸው፣ በዐንገሬቡ፣ ራስጌ ላይ ይደር። ከፀሐይ ሲገቡ በሩ አጠገብ ተደግፈው ዓይናቸው እስኪለምድ ይቁሙ። ፓርኪንሰን የቀለም ልዩነትን የመለየት ችሎታም ስለሚቀንስ ነጭ ሲኒ በነጭ ረከቦት ላይ አይታያቸውም፤ ከሥሩ ጥቁር ወይም ቀይ ጨርቅ አንጥፉ። ለመፈረም መስመር ያለው ወረቀት ስጧቸው፤ መስመሩ እጃቸውን ያሰፋዋል።

በየቀኑም ይራመዱ። ሙቀቱ ሳይነሣ፣ ጎህ ሲቀድ፣ እጅ እያወናጨፉ፣ በሰፊ እርምጃ። እንቅስቃሴ ከመድኃኒት ጋር አብሮ የሚታዘዝ ሕክምና ነው።

ስለ ፉልና ስለ መድኃኒት

ካርቱም ተቀምጦ ስለ ፉል አለማውራት አይቻልም፤ በዚህ ርእስ ደግሞ የግድ ነው። በ1913 ማርኩስ ጉገንሃይም የተባለ የስዊስ ኬሚስት ከባቄላ ሌቮዶፓ የተባለውን ንጥረ ነገር ለየ። ራሱ ቀምሶት ክፉኛ አስታወከው። ከብዙ ዓመታት በኋላ አርቪድ ካርልሰን የተባለ ስዊድናዊ የዶፓሚንን ሚና ሲያሳይ የዚያ ንጥረ ነገር ጥቅም ተገለጠ፤ ካርልሰንም በ2000 የኖቤል ሽልማት አገኘ። ዶፓሚን ራሱ ከደም ወደ አንጎል አይሻገርም፤ ሌቮዶፓ ግን ተሻግሮ እዚያ ዶፓሚን ይሆናል። ዛሬም ከመድኃኒቶቹ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው።

«እንግዲያው ፉል እንብላ!» አትበሉኝ። ሌቮዶፓ በብዛት ያለው በእሸቱና በለጋው ባቄላ ነው፤ ደርቆ የተቀቀለው ፉል ውስጥ ትንሽ ነው፣ መጠኑም ከቀን ቀን ይለያያል። ይባስ ብሎ በምግብ ያለው ፕሮቲን ከመድኃኒቱ ጋር ስለሚሻማ፣ ኪኒኑን ከፉል ወይም ከሥጋ ጋር የዋጠ ሰው ጥቅሙ ሊቀንስበት ይችላል። ሐኪሙ በነገራችሁ ሰዓት ከምግብ አርቃችሁ ውሰዱት። ሰዓት አታሳልፉ፤ በድንገትም አታቋርጡ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ለማስታወክ የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድ፣ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡት ሃሎፐሪዶልና ክሎርፕሮማዚን የዶፓሚንን በር ይዘጋሉ። ጤነኛውን ፓርኪንሰን ያለበት ሊያስመስሉት፣ ሕመምተኛውን ሊያብሱበት ይችላሉ። ፋርማሲ ስትሄዱ «አባቴ ፓርኪንሰን አለበት» ማለትን አትርሱ።

ጠበሉንም ዱዓውንም አልቃወምም፤ ከኪኒኑ ጋር ይሂዱ። የምቃወመው መደበቅን ነው። እየተንገዳገዱ ሲሄዱ «ሰክረው ነው» ተብለው ያፈሩ፣ ከቤት መውጣት የተዉ ሰዎች አሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ወይዘሮ ክብራ ከበደ ከሕመሙ ጋር እየኖሩ፣ ሳይደበቁ ለፓርኪንሰን ሕሙማን የሚቆም የድጋፍ ድርጅት መሥርተዋል። አንድ ሰው «እኔ አለብኝ» ብሎ ሲቆም ለሌላው ወለል ላይ እንደተሠመረ መስመር ነው፤ የሚሻገርበትን ያሳየዋል።

ስለዚህ ስትወጡ ሁለት ነገር ይዛችሁ ውጡ። አንደኛው ናስትሮ ነው። ሁለተኛው ዝምታ ነው፤ አባታችን ደፉን ሲሻገሩ የምንለግሳቸው ያቺ ትንሽ ዝምታ። ደኅና እደሩልኝ።

ለኅትመት የተጨመረ

ይህን ከተናገርኩ በኋላ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ተነሣ። ያን ማታ አብረን የነበርን ሰዎች ተበታተንን። አሁን ይህን የምታነቡት በመተማ፣ በገዳሪፍ፣ በካይሮ ወይም በአዲስ አበባ ሆናችሁ ይሆናል።

አረጋውያን አብረዋችሁ ካሉ አንድ ነገር ልጨምር። የልማድ መንገድ የሚታነጸው በሚታወቅ ቤት ላይ ነው። አርካዊት ውስጥ በጨለማ ወደ መጸዳጃ ይሄዱ የነበሩ አባት በአዲሱ ቤት እንደ እንግዳ ናቸው፤ እያንዳንዱ ማዕዘን ልብ ይጠይቃቸዋል፣ ፓርኪንሰን ባይኖርባቸውም። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ደግሞ ደረጃ አለው። መጀመሪያው ቀን ላይ፣ በጠራራ ብርሃን፣ እጃቸውን ይዛችሁ ቤቱን ሁሉ አዙሯቸው። ደፎቹን በእግራቸው ይንኩ፤ ደረጃውን አብራችሁ ቁጠሩ፤ ናስትሮውን በዚያው ዕለት ለጥፉ። የመድኃኒቱን ስም፣ መጠንና ሰዓት በወረቀት ጽፋችሁ በእሳቸውም በእናንተም ኪስ አኑሩ፤ ሻንጣ ይጠፋል፣ ኪስ ይተርፋል።

እንቆቅልሽ ጠያቂ አገር ሲሰጠው የሚለው ነገር አለ። ያን ማታ ወደ መልሱ ስቸኩል ሳልለው አለፍኩ፤ እግሩ ሳያርፍ ዓይኑን እንዳነሣ ሰው። አሁን ልበለው፦ አርካዊት ገብቼ፣ ምን አጥቼ! ያጣሁት ከወጣሁ በኋላ ነው።